አሥራ አንድ ጊዜ «በቀኝ እጁ»

ሐሙስ፣ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ዘጠነኛ ሳምንት
ከምሳ በኋላ፣ ልጆቹ ተኝተው

ሚጣዬ፣ የዓይኔ ብሌን፤

የሰው አገሩ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም በባዶ እግርሽ ወለል ላይ ትመላለሻለሽ? እንዳትዋሺኝ፤ በድምፅሽ አውቃለሁ። እኛ ጤና ነን። አባትሽ ከስፌት መኪናው ጋር ሲጨቃጨቅ ይውላል። ባለፈው ሰሞን የአንዱን ሰውዬ ሱሪ አንደኛውን እግር አሳጥሮት፣ ሰውየው ቢናገረው «እግርዎ ነው እኩል ያልሆነው» ብሎ ድርቅ አለ። እንዲህ ሆነን እየኖርን ነው።

ደብዳቤ ሲደርስሽ ክው እንዳትዪ፤ ሰው አልሞተም። በስልክ ያልነገርኩሽ በስልክ ስለማታስጨርሺኝ ነው። «እማ ተይው፣ እማ አታካብጂ፣ እማ እኔ አስተካክለዋለሁ» ትዪኛለሽ፤ እኔም እሺ እላለሁ፤ ነገሩም እንደተዳፈነ ይቀራል። ይሄኛው ግን ተዳፍኖ እንዲቀር አልፈልግም። ፊደል ብገድፍ፣ መስመር ባጣምም እለፊኝ። ይህን ማንም አላረመልኝም።

የምጽፈው እዚሁ ክፍሌ ውስጥ፣ ጉልበቴ አገጬ ጋ የሚደርስባት የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። ሃያ ሦስት ጥንድ ጫማ በር ሥር ተደርድሯል። ፍራሾቹ ላይ ሃያ ሁለቱ ለጥ ብለዋል። ሃያ ሦስተኛው ጭምቴ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሊያታልለኝ ይሞክራል፤ ጣቱ ግን ብርድ ልብሱ ላይ የሆነ ነገር ይሥላል።

ጭምቴን መቼም ታውቂዋለሽ፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ወሬውን በድምፅ ስልክልሽ የከረምኩት የአራት ዓመቱ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ከሌላ ሰፈር ወደዚህ ከመጡ ወዲህ እዚህ ግቢ ውስጥ አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣችም። ስሙን ሲጠይቁት ጫማውን ያያል። እናቱ «ኧረ ቤት ውስጥ ሲለፈልፍ አይጣል ነው» ትላለች። እዚህ ግን ጭጭ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ግማሹን ብታውቂውም ግማሹን ደብቄሻለሁ። ሃያ አራት ዓመት ንፍጥ ስጠርግ፣ የጫማ ማሰሪያ ስቋጥር፣ ከእናቱ ቀሚስ አልላቀቅ ያለውን ሁሉ እያባበልኩ ስቀበል ስኖር አንድም ቀን «ወረቀትሽ የታል?» ያለኝ ሰው አልነበረም። መመሪያው ከመጣ ግን ይኸው ሁለት ዓመቱ። ከዘንድሮው ዓመት መዝጊያ በኋላ በሕፃናት ትምህርት ዲፕሎማ የሌላት ሰው ክፍል አትይዝም፤ ወይ ረዳት ትሆናለች ወይ ትሰናበታለች። ረዳት ሆንኩ ማለት፣ እዚሁ ክፍል ውስጥ፣ ያቺ በአራት ዓመቷ ጭኔ ላይ ተኝታ የሸናችብኝ ትንሿ መምህርት «እትዬ፣ ፍራሾቹን ያንጥፉልኝ» ትለኛለች ማለት ነው። ደግ ልጅ ናት፤ ብታዘኝም በትሕትና ነው። ግን እኔ እሞታለሁ።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ የተበደልኩት የለም። ዳይሬክተሯ ሰው ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ አርብ አርብ ከሰዓት የየክፍላችንን ልጆች ሰብስባ ራሷ እየያዘች አምስታችንን ኮሌጅ ልካናለች። መጽሐፉንም ኮሌጁ ነው የሰጠን። የቤት ሥራውን ደግሞ እኛ አምስታችን እዚሁ ወለል ላይ ተኮልኩለን፣ አንዷ ስታነብ አንዷ ስታስረዳ፣ እንደ ልጆቹ እየተጣላን ሠርተነዋል። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ፈተና ተቀምጬ ዘጠኝ ትምህርት አለፍኩ። የአንዱን ውጤት አባትሽ ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ሱሪ ሊያስለካ የመጣውን ሁሉ ያስነብባል። የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር፤ ምልከታ።

ምልከታ ማለት አንድ ልጅ መርጠሽ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ እያየሽ፣ ያየሽውንና የሰማሽውን ብቻ መጻፍ ነው። «አኩርፏል» ማለት አይቻልም፤ «ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ» ነው የሚባለው። «ጎበዝ ናት» አይባልም። የማይረባ ነገር መሰለኝ። ልጅ አይቼ ልቡን የማነብ ሰው መሆኔን ማን ያውቅልኛል! የመጀመሪያውን ሳምንት «ልጁ ኩሩ ነው፣ ናፍቆት አለበት፣ ልቡም ጠንካራ ነው» ብዬ ጽፌ ሰጠሁ። በቀይ ቀለም ተጽፎበት ተመለሰ፦ «ይህ ፍርድ ነው። ምን አዩ?»

ያን ቀን ነው አንቺ ጋ የደወልኩት። ማልቀሴን ሰማሽ። «እማ፣ አንቺ ያየሽውን በድምፅ ላኪልኝ፣ እኔ አሳምሬ እጽፈዋለሁ» አልሽኝ። ከሥራሽ ደክመሽ እየገባሽ ጻፍሽልኝ። ጥፋቱ ያንቺ እንዳይመስልሽ፤ አደራ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለ ጭምቴ ያልነገርኩሽ አልነበረም፤ ዳቦውን ከዳር ከዳር እንደሚበላ፣ ኮቱን ሁልጊዜ ሦስተኛው መስቀያ ላይ እንደሚሰቅል፣ ሲሥል ምላሱን እንደሚያወጣ። አንድ ነገር ብቻ ዘለልኩ። ልጁ የሚሥለው በግራ እጁ ነው። ለምን እንደዘለልኩት እኔም አውቃለሁ፤ አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም።

ጽሑፉን ልከሽልኝ ዳይሬክተሯ ቢሮ አሳተምኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ልጁ ቀለሙን በቀኝ እጁ አነሳ» ይላል። አስተካክዪው ልልሽ ስልኩን አነሳሁ። ከዚያ «ግራኝ መሆኑን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» ብትዪኝ ምን እመልሳለሁ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዳለ አስገባሁት።

ማክሰኞ የኮሌጁ ገምጋሚ መጣች። ጥግ ላይ ትንሿ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ያንቺን ጽሑፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ አንዴ ልጁን አንዴ ወረቀቱን ታያለች። ጭምቴ ደግሞ ያን ቀን ብሶበት፣ ቡኒ ቀለሙን በግራው ጨብጦ፣ ምላሱን አውጥቶ መሣሉን ቀጥሏል። እኔ መዝሙር እያስዘመርኩ ነው፤ እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደ ታች።

ስትጨርስ መታጠቢያው ጋ ጠራችኝ።

«ምልከታዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት» አለችኝ። «በጣም ጥሩ ነው። ግን ልጁ የሚሥለው በግራ እጁ ነው። እርስዎ በቀኝ ብለው ነው የጻፉት።»

እሷም አየችኝና፣ ክፉ ሰው አይደለችም፣ «ምናልባት ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ይሆን? ፊት ለፊት ሲሆን ይምታታል» አለችኝ።

ይኸውልሽ፤ በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «አዎ፣ ፊት ለፊቱ ነበርኩ» አልኳት።

«እንግዲያው ችግር የለም። ቅዳሜ ኮሚቴው ፊት ይህንኑ ይነግሩንና፣ ጽሑፉን ራስዎ መጻፍዎን ፈርመው እንጨርሳለን» ብላ ሄደች።

ዞር ስል ጭምቴ ከኋላዬ ቆሟል። እጁን ሊታጠብ መጥቶ ነው። ሁሉንም ሰምቷል።

ትናንት ጠዋት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀለሙን እንደ ልማዱ በግራው አነሳ። ከዚያ ቆም አለና ወደ ቀኙ አዛወረው። አንድ መስመር ሊያሰምር ሞከረ፤ መስመሩ ከወረቀቱ ወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ «እንዲህ ነው አይደል የምትፈልጊው?» የሚል ይመስል። (ይኸው ፈረድኩ። «ቀና ብሎ አየኝ» ብቻ ነው የሚባለው።) ሚጣዬ፣ ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ማታ ራት ሳይቀርብ ለአባትሽ ነገርኩት። ከመኪናው ቀና ሳይል «ታዲያ ምን ቸገረሽ? ፊት ለፊቱ ነበርኩ ብለሻል፣ አለቀ። ፈርመሽ ውጪ» አለኝ።

«ውሸት ነዋ!»

«ሃያ አራት ዓመት የለፋሽበትን በአንድ ፍሬ ልጅ እጅ ልትንጂው ነው? ማን ይሞታል? ሱሪው አጠረ እንጂ!»

«እንዳታስቀኝ» አልኩት። አልሳቅኩም ግን። እሱም መኪናውን አቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ሚጣ ታስታውሰዋለች?» አለኝ።

ጽሑፉን ከቦርሳዬ አወጣሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። «በቀኝ እጁ» የሚለውን ቆጠርኩት። አሥራ አንድ ጊዜ ጽፈሽዋል። ሰው ስለ ሕፃን ሲጽፍ «ቀለሙን ያዘ» ይላል እንጂ በየትኛው እጁ እንደሆነ ማን ይጽፋል? ማንም ሳይጠይቅሽ፣ እኔም ሳልነግርሽ፣ አንቺ ግን በየገጹ ጻፍሽው። ጥፋት እንዳይገኝበት ብለሽ፣ እንደ ተቀጣ ልጅ ተጠንቅቀሽ ጻፍሽለት። ሳለቅስ አባትሽ እንዳያየኝ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ከተናገርኩ ምልከታው ይሰረዛል። ከተሰረዘ ዲፕሎማው የለም፤ ዓመቱ ሊያልቅ ደግሞ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው። ካልተናገርኩ ቅዳሜ እፈርማለሁ፣ መምህርት እሆናለሁ፣ ጭምቴም ቀለሙን በቀኙ ይይዛል። ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ በእውነት አላውቅም።

ጭምቴ ተነስቶ ቁጭ ብሏል። ጫማውን እየፈለገ ነው። ልሂድ።


እሑድ ጠዋት

የኔ ቆንጆ፤ ከሐሙስ ወዲህ ይህ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ሰነበተ። አሁን ልጨርሰው።

አርብ ዕለት ጭምቴ ፊት ለፊት አልተቀመጥኩም። ከጎኑ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩና ቀለም አንስቼ በግራ እጄ መሣል ጀመርኩ። ቤት ልሥል አስቤ የወጣልኝ ግን ምን እንደሆነ ፈጣሪ ይወቀው። ጣቶቼ እንቢ አሉኝ። እሱ በቀኙ እየታገለ፣ እኔ በግራዬ እየታገልኩ፣ ሁለታችንም እናቃስታለን። ብዙ አየኝ። ከዚያ ቀለሙን ወደ ግራው መለሰና ጣቶቼን አንድ በአንድ እያነሳ አስተካከለልኝ። «እንዲህ» አለኝ።

«እንዲህ?» አልኩት።

«እንዲህ» አለኝ፤ ተቆጣኝ ሁሉ።

ትንሿ መምህርት በሩ ጋ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። ቅዳሜ ምን እንደማደርግ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ፍርሃቱ ግን ከፊተኛው ባሰ እንጂ አልለቀቀኝም።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ገምጋሚዋ፣ አንድ መላጣ ሰብሳቢና ዝም ብላ የምትጽፍ ጸሐፊ። ክፍሉ ባዶ፣ ጠረጴዛው ረጅም። ለአዋቂ የተሠራ ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬ ወለል ላይ እኩል ሲያርፍ ራሱ ግራ ገባኝ። ሰብሳቢው የሚፈረመውን ወረቀት ወደኔ ገፋ አደረገው። እስክሪብቶውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

«ይህን አልፈርምም» አልኩ። «ጽሑፉን የጻፈችው ልጄ ናት። እኔ በድምፅ ነገርኳት፣ እሷ ጻፈችው።»

ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች። ሰብሳቢው ገምጋሚዋን አያት። እሷ ደግሞ እኔን።

«ፊት ለፊቱ ነበርኩ ያሉኝስ?»

«ዋሸሁዎት።»

«እንግዲህ ደንቡ ግልጽ ነው» አለ ሰብሳቢው፤ ወረቀቱንም ወደ ራሱ ሳበው። «ምልከታው ተሰርዟል። እኛ እኮ የልጅዎን ጽሑፍ ልንገመግም አልተሰበሰብንም።»

ልክ ነው። ምን ይባላል? ቦርሳዬን አነሳሁ። ሃያ አራት ዓመቴን ይዤ ልወጣ ብድግ ስል፣ ገምጋሚዋ «ይቆዩ» አለችኝ። «ልጅዎ ለምን በቀኝ አለች?»

«ግራኝ መሆኑን ስላልነገርኳት።»

«ለምን አልነገሯትም?»

ቆምኩ። እንደ ጭምቴ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ። ገምጋሚዋ ባዶ ወረቀት አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች። «እንግዲያው ይጻፉት። ያዩትን ብቻ፣ እንደ ምልከታ። ግማሽ ሰዓት አለዎት» አለችኝ። ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግን አልከለከለም።

የጻፍኩትን እነሱ አስቀሩት። ነገር ግን ቃል በቃል አውቀዋለሁ። ይኸውልሽ፦

«ልጅቷ አራት ዓመት ከአምስት ወሯ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። ቀለሙን በግራ እጇ አነሳች። ቤት መሣል ጀመረች። ሁለት ግድግዳና አንድ በር ሠራች። ጣራውን ልትጀምር ስትል መምህሯ መጣች። መምህሯ ቀለሙን ከግራ እጇ ወስዳ ቀኝ እጇ ላይ አስያዘቻት። ልጅቷ ወደ ግራዋ መለሰችው። መምህሯ እንደገና አዛወረችው። ልጅቷ እንደገና መለሰችው። መምህሯ ሻርፗን ከአንገቷ ፈታች። የልጅቷን ግራ እጅ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር አሰረችው። ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ሌሎቹ ልጆች ሳቁ። መምህሯ አላስቆመቻቸውም። ልጅቷ በቀኝ እጇ መስመር አሰመረች። መስመሩ ከወረቀቱ ወጣ። ልጅቷ ቀና ብላ መምህሯን አየች። ‹እማ› አለች። መምህሯ ‹እዚህ እማ የለም፣ ቲቸር በዪ› አለች። ልጅቷ ‹ቲቸር› አለች። ሻርፑ የተፈታው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። በማግሥቱ ልጅቷ ቀለሙን በቀኝ እጇ አነሳች። መምህሯ ለሌሎቹ መምህራን ‹በአንድ ቀን አስተካከልኳት› አለች። ጣራው አልተሣለም። መምህሯ ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ቤት ስትሥል አላየችም።»

ገምጋሚዋ አነበበችውና ለሰብሳቢው ሰጠችው። እሱ ሁለት ጊዜ ያነበበው መሰለኝ፤ ብቻ ብዙ ቆየ።

«ልጅቷ አሁን የት ናት?» አለችኝ።

«ሰው አገር። ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች።»

«መምህሯስ?»

«ይኸው አለሁ» አልኳት። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ጸሐፊዋ መሐረብ ሰጠችኝ፤ ሃያ አራት ዓመት የሰው ልጅ ንፍጥ ስጠርግ ኖሬ የኔን ደግሞ እሷ ልትጠርገው ምንም አልቀራት።

አልፈሻል አላሉኝም፤ እንዳይመስልሽ። ደንብ ደንብ ነው አለ ሰብሳቢው። የፊተኛው ተሰርዟል። ግን ከነገ ጀምሬ ስድስት ሳምንት ሙሉ እንደ አዲስ፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ፣ ጭምቴን አያለሁ። ገምጋሚዋ አርብ አርብ እየመጣች ደብተሬን ታያለች። ስድስቱ ሳምንት የሚያልቀው መዝገቡ ሊዘጋ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። ልጁ ቢታመም፣ እኔ ብታመም፣ አንዲት ሳምንት በቀይ ቀለም ብትመለስብኝ፣ አበቃ። በበጎ ዓይን ካዩኝ ገና ዕድል አለኝ፤ ከዚያ በላይ የማውቀው የለም።

ዳይሬክተሯ ስነግራት ጮኸችብኝ። «ምልከታው ሲመለስብሽ ለምን እኔ ጋ አልመጣሽም? አብሬሽ ቁጭ አልልም ነበር? እኔስ ስንት ጊዜ የተመለሰብኝ ይመስልሻል?» ብላ አፈር አስጋጠችኝ። ከዚያ ተረጋግታ፣ ቁጭ ብዬ እንዳይ ክፍሉን ለስድስት ሳምንት ለትንሿ መምህርት ሰጠቻት። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ፍራሽ አንጣፊዋ እኔው ነኝ። ትንሿ መምህርት ይህን ስትሰማ «እትዬ፣ ኧረ እኔ አነጥፋለሁ» ብላ ልታለቅስ ደረሰች። «ዝም ብለሽ እዘዥኝ» አልኳት። አባትሽ ደግሞ ትናንት እስክንተኛ አላናገረኝም። ዛሬ ጠዋት ግን የሰውየውን ሱሪ ፈትቶ እንደገና ሲሰፋ አገኘሁት።

ሚጣዬ፣ አሁን ዋናውን ልበልሽ። ልጆቹን በቀን አሥር ጊዜ «ይቅርታ በላት፣ ይቅርታ በዪው» እያልኩ አስታርቃለሁ። ይህችን ቃል ለአንቺ ብያት አላውቅም። ሲሳካልሽ አይቼ፣ ጽሕፈትሽ ሲያምር አይቼ፣ «ይኸው ምን ሆነች?» ብዬ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። አላወቅሁም ነበር ልልሽ እችላለሁ፤ ያን ጊዜ ማንም አላስተማረኝም። ግን ቀና ብለሽ ስታዪኝ አይቻለሁ። ያንን ለማየት ዲፕሎማ አያስፈልግም ነበር። ይቅር በዪኝ፣ የኔ ልጅ። በሁሉም ፊት አስሬሽ ነበርና ይኸው በሰው ፊት ተናገርኩት፤ አሁን ደግሞ ለራስሽ።

ይህን አንብበሽ ወዲያው እንዳትደውዪልኝ። ደውለሽ «እማ ረስቼዋለሁ» ትዪኛለሽ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አምንሻለሁ። የዚህን ሰሞን ምልከታም እንዳትነኪብኝ፤ ድምፅ አልክልሽም፤ የራሴን ቀይ ቀለም ራሴ እጠጣዋለሁ። ስለ ጭምቴ የምነግርሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በግራው ነው።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ባዶ ወረቀት አጥፌ ከትቼልሻለሁ። ጊዜ ስታገኚ፣ ስትፈልጊ፣ ባትፈልጊም ግዴለም። ግድግዳዎቹንና በሩን ያን ጊዜ ሠርተሻቸዋል፤ የቀረው ጣራው ነው። በወደድሽው እጅ። ቢጣመም ማንም አይናገርሽም፤ የኔን ብታዪው ሳቅ ይገድልሻል።

ወለሉ ላይ ጫማ አድርጊ። ሳሉን ታከሚው። መንገድሽ ሁሉ ይቃናልሽ፤ የደከምሽበት ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። ሁለቱም እጆችሽ ይባረኩ።

እማ